እትዬ ዘሃራ ያላገኟት ወረቀት

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እህቴ አታውቅም። ሐኪሜ ፊት ሁለት ጊዜ ልናገረው አፌን ከፍቼ ስለ እንቅልፌ አውርቼ ወጥቻለሁ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያልጻፍኩበት ነገር የለም። ስለ ሶማሌ ተራ ተሸካሚዎች ጀርባ፣ ስለ አብነት ታክሲ ረዳቶች ጉሮሮ፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ስለሚወጥሩ እጆች ሁሉ ጽፌያለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ዞሬ ነው የማልፋት። አሁን ሦስት ሰዎች ያውቋታል። አራተኛው አንተ ነህ፣ አንባቢ። ፊትህን ስለማላየው ከሦስቱ ይልቅ አንተን ነው የምፈራህ።

ነገሩ አጭር ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ መርካቶ ገና በሯን ሳትከፍት፣ አንዲት ወረቀት በአንድ የቆርቆሮ በር ላይ ለጠፍኩ። አልሰረቅኩም። አልደበደብኩም። የሐሰት ቃል እንኳ አልጻፍኩም፤ ወረቀቷ ላይ የነበረው ሁሉ እውነት ነው። ለጠፍኩና ሄድኩ። እውነት በመለጠፍ ሰው ይበደላል? ይበደላል። እኔ አድርጌዋለሁና አውቃለሁ።

ያኔ አብነት አካባቢ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር ማስታወቂያ እተይባለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የተበላሸ ወረቀት አልጥልም። ጀርባው ንጹሕ ነዋ! ሰብስቤ ቤት እወስድና ግጥም እጽፍበታለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ወረቀት የገዛልኝም የለም። ስለዚህ የግጥሞቼ ሁሉ ጀርባ የሰው ጉዳይ ነው። አንዱ የፍቺ ማመልከቻ፣ አንዱ የጠፋ መታወቂያ፣ አንዱ ስለ ጋራ ሽንት ቤት የቀረበ አቤቱታ። ከእያንዳንዱ ግጥም ግርጌ ስሜን እፈርማለሁ፤ ማንም ሳያነበው ታዋቂ ነበርኩ።

አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ መጡ። በርበሬ ተራ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡ፣ ከወሎ የመጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው እንድሪስ ከቤት ከወጣ ስድስት ቀን ሆኖታል። ፎቶውን ከመሀረብ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። አፋልጉኝ እንድጽፍላቸው ነው።

“ምን ለብሶ ነበር እትዬ?”

“ቡኒ ሹራብ። ክርኑ ላይ እኔ ጨርቅ የደረብኩበት።”

“የተለየ ምልክትስ አለው?”

ባዶውን መሀረብ አጠፉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አእምሮውን ያመዋል” አሉ። “ይህን ካልጻፍን ያገኘው ሰው ሌባ ይመስለውና ይመታዋል። ከጻፍን ደግሞ… ወላሂ አላውቅም ልጄ። አንተ የተማርክ ነህ፤ የቱ ይሻላል?”

የተማርኩ አልነበርኩም። ግን ጻፍኩት። የአእምሮ ሕመም እንዳለበት፣ ሰው እንደማይጎዳ፣ ያገኘው ሁሉ እንዳይመታው፣ ውኃ እንዲሰጠውና ለእናቱ እንዲደውል ጻፍኩ። ሳነብላቸው አለቀሱ። እኔ ደግሞ፣ ይህንንም ልናዘዘው፣ ጽሑፌ ሰው በማስለቀሱ ደስ አለኝ። የመጀመሪያዋ ቅጂ ቀለም በዝቶባት ግርጌዋ ተበላሸ። እሷን ለብቻዋ አስቀመጥኩና ሌሎቹን አትሜ ሰጠኋቸው።

ከአራት ቀን በኋላ እንድሪስ ተገኘ። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ወረቀቷን አንብቦ ነው በሩ ሥር ያስጠለለው። “መጀመሪያ ዱላዬን አንስቼ ነበር” ብሎ ዘበኛው ለእትዬ ዘሃራ ነግሯቸዋል። ያ ጽሑፍ አንድ ሰው ከዱላ አድኗል። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። በኋላ ምን እንዳደረግሁበት ስነግርህ ይህን አስታውስ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘሃራ ያደረጉትን ባላይ ኖሮ “አላወቅኩም ነበር” ብዬ ማምለጥ እችል ነበር። ግን አይቻለሁ። አንድ ጆግ ውኃና አንድ የወጥ ቤት ቢላ ይዘው ከመብራት እንጨት ወደ መብራት እንጨት፣ ከግንብ ግንብ እየዞሩ የልጃቸውን ፊት ከመርካቶ ላይ ላጡ። ወረቀቱን በውኃ ያርሱታል፣ ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በቢላው ጫፍ ከማዕዘኑ ይጀምራሉ። አንድ ቅዳሜ አብነት ላይ አገኘኋቸውና ጆጉን ተቀብዬ ያዝኩላቸው።

“ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ” አሉኝ እየላጡ። “አሁን ደግሞ ፊቱን ከመንገድ ላንሳለት። ነገ ሚስት ያገባል፤ ሥራ ይገባል። ማን ነው አፋልጉኝ ላይ ያየውን ሰው የሚቀጥር?” መጨረሻ ላይ ደክሟቸው ቆሙና፣ “ሁሉንም አነሳን ይሆን?” ብለው ጠየቁኝ።

“ሁሉንም አንስተዋል እትዬ” አልኩ።

አልዋሸሁም። ረስቼ ነበር። አንዷ ቤቴ፣ ከግጥሞቼ መሀል ነበረች።

ቀጥሎ የታመምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፤ አጣሁም አልልም፣ አልፈለግኩትም። ራሴ ውስጥ ሺህ መስመር ይሮጥ ነበር። አንድ ነጋዴ ለወረዳ የሚያስገባውን አቤቱታ ስተይብ መሀሉ ላይ ስለ ጨረቃ አራት ስንኝ አስገባሁበት። ሰውየው ሳያነብ ፈርሞ ወሰደው። ኃላፊው አንብበው “ጨረቃን የሚመለከት ክፍል የለንም” ብለው መለሱለት አሉ። አሁን እስቃለሁ። ያኔ አሠሪዬ አልሳቁም፤ አሰናበቱኝ። ከዚያ ያ ሁሉ ሩጫ ባንድ ጊዜ ቆመና ለሳምንታት ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። እህቴ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ለሕመሙ ስም ሰጡት፤ ለእኔ ነጭ ክኒን ሰጡኝ። ካርዴን ፍራሽ ሥር ደበቅኩት።

ሲሻለኝ ሥራ ፈልጌ ወረዳ ተመዘገብኩ። ሥራ ፈላጊዎችን ባለሙያ ዘንድ እየመደቡ ስድስት ወር ያሠለጥኑ ነበር። የምሞላው ቅጽ ላይ “ለሥራ የሚያውክ ሕመም አለብህ?” የሚል አለ። “የለም” ብዬ ጻፍኩ። እስኪ አንተ ብትሆን ምን ትጽፍ ነበር? ቢሆንም ይህ በደሌ አይደለም። ይህን ማንም ይረዳልኛል። በደሌ ሌላ ነው።

የተመደብኩት ከራጉኤል ጀርባ የስፌት መኪና የሚጠግኑ ጋሽ ዘርጋ የሚባሉ ሰው ዘንድ ነው። የተመደብነው ሁለት ነን፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጋሽ ዘርጋ አንዳችንን በቋሚነት ያስቀራሉ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ አንድ ረጅም ልጅ በስተኋላ አንድ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ አየሁ። ቀና አለ። ያ ፊት! ስድስት ቀን የጠፋ፣ ቡኒ ሹራብ የለበሰ፣ ሰው የማይጎዳ። እንድሪስ ነው። እሱ እኔን አያውቀኝም።

እናቱ ግን አወቁኝ። በሳምንቱ ምሳ ይዘው ሲመጡ አዩኝና፣ “አንተ! ጽሑፉ ያማረው ልጅ!” ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መሀል ላይ አቆሙት። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በዓይኔ “አልናገርም” አልኳቸው። ደግሞም አልተናገርኩም። ለጠፍኩ እንጂ።

እንድሪስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው የሚገባው፤ እኔ ሁለት ሰዓት። እስከ ምሳ ድረስ እጁ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ጋሽ ዘርጋ ጠዋት የመኪና ቀበቶ፣ ቺንጋ፣ መቀየርና መኪና ፈትቶ ማጠብ ይሰጡታል፤ መርፌና የክር ማጠንጠኛውን ቦቢን የሚነካውን ረቂቅ ሥራ ከሰዓት በኋላ። እኔ ክኒኑ ዓይኔን እየጎተተው ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ፤ መርፌው ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ ማንም ምንም አይለውጥልኝም። ምን ብለው ይለውጡልኝ? እኔ ጤነኛ ነኝ። ቅጹ ላይ ጽፌያለሁ።

የሚደረግለት ሁሉ አድልዎ መሰለኝ። ሕመሙን ራሱ ነግሯቸው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በገዛ አፉ ይናገራል ብዬ ማሰብ አልችልም ነበር። እኔ አልናገርማ! የእኔን ፍርሃት የሁሉም ሰው ፍርሃት አደረግሁት፤ ስህተቴ የጀመረው እዚያ ነው።

አምስተኛው ወር ላይ ማን እንደሚቀር ግልጽ ሆነ። እንድሪስ ቀስ ይላል፤ የጠገነው ግን ተመልሶ አይመጣም። እኔ ፈጣን ነኝ። ጋሽ ዘርጋ ጠረጴዛዬን ያዩና፣ “ታሜ፣ መኪናውን ገጥመህ ጨርሰህ ሦስት ብሎን ከተረፈህ አልጠገንከውም፤ አቆሰልከው እንጂ” ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን አልስቅም። ይህን ቦታ ካጣሁ ሌላ የሚወስደኝ አለ? የጽሕፈት ቤቱ የጨረቃ ወሬ መርካቶን ዞሯል። እህቴ ፊት ደግሜ ከአልጋ የማልነሣ ሰው መሆን አልችልም ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ምን እንደፈራሁ እንድታውቅ ነው። ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም በሰው ፊት ላይ ለጠፍኩት።

ወረቀቷን አገኘኋት ልበል ወይስ ፈለግኳት? ፈለግኳት። ማክሰኞ ማለዳ ነው። ከግጥሞቼ መሀል ያቺን ቀለም የበዛባትን ፊት ብቻ እያየሁ ስቤ አወጣኋት፤ ጀርባዋን አላየሁም። ኮላ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ከራጉኤል ቅዳሴ ይሰማል። መንገዱ ላይ ጠራጊዎች ብቻ አሉ። በጋሽ ዘርጋ መጠገኛ ቆርቆሮ በር ላይ ለጠፍኳት። እንዳትጨማደድ ፊቱን በመዳፌ ዳበስኩት። እጄ ያንን አይረሳም፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ነው የዳበስኩት፣ እንደ ወንድም።

ሻይ ጠጥቼ ሁለት ሰዓት ላይ እንደማንኛውም ሰው መጣሁ። በሩ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ዘርጋ በዚያ ቀን ዕቃ ሊገዙ ሄደው ገና አልደረሱም።

“ይሄ የጋሽ ዘርጋው ልጅ አይደል እንዴ?”

“ነው እንጂ! እኔ መኪናዬን የሚነካካው እብድ ነው ማለት ነው?”

“ተው አንተ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው።”

“ዝምተኛውን ነው መፍራት!”

አንዷ ልብስ ሰፊ ወደ እኔ ዞረች። “ታሜ፣ አብረኸው ስትውል አልፈራህም?”

“እኔ ምኑን አውቄ?” አልኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ እንድሪስ መጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። የገዛ ፊቱን አየ። ከልብስ ሰፊዋ ጣሳ ውኃ ተቀብሎ ወረቀቷን አራሳት፤ ጥቂት ጠበቀ፤ ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ ከማዕዘኗ ጀመረ። ልክ እንደ እናቱ። ሳትቀደድ ሙሉዋን ላጣት። ከዚያ ገለበጣት። ጀርባዋን ለረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና አለፈ። አጣጥፎ ኪሱ ከተታት።

እስከዚያ ኪሴ ይዤው የቆየሁትን ቁልፍ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ገባ። ትናንት ፈትቶት ያደረውን መኪና ቁጭ ብሎ ጨረሰ። የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ፤ ዘይት ቀባ፤ በጨርቅ ወለወለው። ከዚያ ወጣ። አልተመለሰም።

ጋሽ ዘርጋ ሲደርሱ ሁሉም ያወራላቸዋል። እሳቸው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ “ማነው የለጠፈው?” አሉ። “እኔማ አውቅ ነበር! የመጀመሪያ ቀን ነው ተቀምጦ የነገረኝ። ለእኔ ከሆነ በከንቱ ደከመ።” ለእሳቸው ነበር። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። እኔ የነገርኩት ለመንገዱ ነው። ሰው እየመጣ መኪናውን ሳይጠገን ወሰደ። ጋሽ ዘርጋ እንድሪስ ቤት ሁለት ጊዜ ሰው ላኩ፤ እናትየዋ “ይቅርበት፣ ልጄን አታስዩብኝ” አሉ። ስድስት ወሩ አለቀ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ቦታው የእኔ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ አንዲት ግጥም ፈልጌ አጣሁ። ሦስት ስንኝ ብቻ የጻፍኳት፣ ያላለቀች ናት።

ካርዴ ፍራሽ ሥር ነው፣ ክኒኔ ምላስ ሥር፣
እኔም ከራሴ ሥር፣ ሰው እንዳይመረምር፣
ሰላም ላለኝ ሁሉ “ደህና ነኝ” እላለሁ፣

ሥሯ ስሜ አለ፤ ታምራት። ወረቀቶቹን ደጋግሜ ገለበጥኩ። ከዚያ ተገለጠልኝ። እንድሪስ በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ያነበበው እሷን ነው። የእኔን ሕመም፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ በእኔ ፊርማ። እኔ የእሱን ምስጢር ቆርቆሮ ላይ ለጠፍኩ፤ እሱ የእኔን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገርህ? በር በተከፈተ ቁጥር ያቺ ወረቀት የመጣች ይመስለኛል። አልመጣችም። አንድ ቃል ቢያወጣ ያልቅልኝ ነበር። አላወጣም። ዝምታው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ክኒን ስውጥ ሰው ያየኛል ብዬ መዝለል ጀመርኩ፤ አምና ክረምት ሊገባ ሲል እንቅልፌ ጠፋ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ብሎን ተርፎ እኔ እስቃለሁ። ጋሽ ዘርጋ ወደ ኋላ ወሰዱኝና ሳጥን ላይ አስቀመጡኝ።

“ታሜ፣ ክኒንህን ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው?”

“የምን ክኒን ጋሼ?”

“ወንድሜ እንዲህ ነበር። እኛ ስንደብቀው፣ እሱ ሲደበቅ፣ አጣነው። ዓይንህን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው፤ አንተ ግን ግትር ነህ።”

አለቀስኩ። እሳቸው ለእህቴ ደወሉላት። ሐኪሜ መድኃኒቱን አስተካከለችልኝ። ከሁለት ወር ዕረፍት በኋላ ስመለስ ጋሽ ዘርጋ፣ “ከእንግዲህ ሦስት ሰዓት ግባ፤ ረቂቁን ሥራ ከሰዓት በኋላ ትይዛለህ” አሉኝ። ያን ቀን ትከሻዬ ላይ የነበረ ኩንታል ወረደ። መደበቅ ቀረ። ክኒኔን በሁሉም ፊት በውኃ እውጣለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ “ዋጥክ?” ትለኛለች እንደ ቀልድ፤ “ዋጥኩ” እላታለሁ። ብሎን መትረፉ ቀረ።

ግን ሦስት ሰዓት የማን ሰዓት ነው? የእንድሪስ። በየጠዋቱ በእሱ ሰዓት፣ በዚያው በር እገባለሁ። በሩ ለሁለታችንም የሚበቃ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእኔም ክፍት ነበር። አልገፋሁትም፤ ለጠፍኩበት።

ባለፈው ወር ለጋሽ ዘርጋ ነገርኳቸው። ካቻቢቴውን አስቀመጡና ረጅም ጊዜ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ንጹሕ እጅ ነበር የሚጠርጉት። “ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?” አሉ በመጨረሻ። “ልጁ እዚያ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ነው ያለው። ሂድ። ነግረኸው ከመጣህ ቦታህ አለ። ካልነገርከው የለም።”

እንድሪስ አሁን የመሣሪያ ቦርሳ አንግቶ በራጉኤል በኩል ካሉ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ለበረንዳ እየዞረ ይጠግናል። ፈልጎ ያገኘው ሳይሆን ተገፍቶ የገባበት መንገድ ነበር፤ ቢሆንም ሰዓቱን ራሱ ይወስናል፣ ደንበኞቹ ይጠብቁታል። አንድ የስፌት መኪና ሥር ተኝቶ አገኘሁት።

“እንድሪስ፣ ታምራት ነኝ።”

“ቆይ፣ ይህቺን ብሎን ልያዛት።” ያዛት። ወጥቶ ተቀመጠ።

“እኔ ነኝ የለጠፍኩት።”

“ስምህን ፈርመህበት የለ እንዴ?” አለ። “ከመርካቶ ሙሉ ፈርሞ የሚለጥፍ ወንጀለኛ አንተ ብቻ ነህ።”

የበረንዳው ልብስ ሰፊ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። እንድሪስ አልሳቀም። ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። “ሳነበው ተናድጄ ነበር” አለ። “ከዚያ ደግሞ አሰብኩ። ባወጣው አንተም ከሥራ ትወጣለህ። ሁለት ሥራ ፈት ለማን ይጠቅማል?”

እኔም ያሰብኩትን ነገርኩት። በራሴ ፎቶ አፋልጉኝ አዘጋጅቼ፣ ሕመሜንም በደሌንም ጽፌ፣ በዚያው በር ላይ እለጥፋለሁ አልኩ።

“ተው!” አለ ጮክ ብሎ። “ሰፈሩ ረስቶልኛል። አንተ ግጥም እንዲያምርልህ ብለህ ልታስታውስብኝ ነው? ስለጥፍ ኖሬ ስለጥፍ ልሙት ነው የምትለው።” ከዚያ ድምፁ ወረደ። “ማድረግ ከፈለግህ እናቴ ጋ ሂድ። አንዷን ሳላነሣት ቀርቼ ነው ትላለች። እስካሁን በመብራት እንጨት ባለፈች ቁጥር ቆማ ታያለች፤ በጥፍሯ የምትፍቅበት ቀን አለ። እኔ አንተ መሆንህን አልነገርኳትም። ከመርካቶ የምታምነው አንድ ጸሐፊ ነበራት፤ እሱንም ልውሰድባት? ዝም ስል ግን ራሷን እንደከሰሰች አላወቅኩም ነበር። ሳውቅ ደግሞ ዘገየብኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የቀረው ያንተ ነው።”

በርበሬ ተራ ስደርስ እትዬ ዘሃራ ኮረሪማ እየፈለፈሉ ነበር። “ጽሑፉ ያማረው!” አሉ ፊታቸው በርቶ። መቀመጫ አወጡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው፤ የተበላሸችውን ቅጂ፣ ማለዳውን፣ ኮላውን፣ በሩን። አንድም ነገር አላሳመርኩም። በሕይወቴ ያላሳመርኩት ንግግር እሱ ብቻ ነው።

ኮረሪማው በእጃቸው ላይ ቆመ።

“ታዲያ እኔ አልነበርኩማ?” አሉ።

“አልነበሩም እትዬ።”

“አብነት፣ ታክሲ ማዞሪያው ጋ ያለችው እንጨት… ዝናብ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር… እሷን ዘልያት ይሆናል ስል…”

“አልዘለሏትም። እርስዎ ሁሉንም አንስተዋል። የቀረችው እኔ ቤት ነበረች።”

ዓይናቸውን ጨፍነው እስትንፋሳቸውን ለቀቁት። እንዲያ ያለ እስትንፋስ ሰምቼ አላውቅም፤ ስንት ዓመት የያዙት ነበር የሚወጣው። ትከሻቸው ወረደ። የእኔም አብሮ ወረደ፤ ምንም እንኳ መብት ባይኖረኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከፈቱና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩኝ አዩኝ።

“ጆጉን ይዘህልኝ ነበር” አሉ።

አልረገሙኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። ደንበኛ መጣ። “ሂድ አሁን” አሉኝ። “ዛሬ አትቆይብኝ። ሌላ ቀን ና።”

ሌላ ቀን ና! እነዚህን ቃላት ይዤ እስከ አብነት በእግሬ ሄድኩ፤ ቀለል ብሎኝ።

እንድሪስ ጥገናው የከበደ የስፌት መኪና ሲገጥመው አሁን እኛ ጋ ያመጣዋል፤ ጋሽ ዘርጋ “ተመለስ” ቢሉትም “በረንዳውን ለምጃለሁ” አላቸው። ትናንት ከጎኔ ቆሞ ሲሠራ ቀና ሳይል፣ “እናቴ በአብነት ስታልፍ እንጨቶቹን አላየችም” አለኝ። ብሎን እንድይዝለት ሰጠኝ። ያዝኩለት።

እኔ ታምራት ነኝ። እኔ ለጠፍኩ። ስለታመምኩ አይደለም የለጠፍኩት፤ እንድሪስም ታሟል፣ እሱ አልለጠፈም። ስለዚህ ሕመሜን ምክንያት አድርገህ አታቅልልኝ፣ አንባቢ። ይቅር በለኝም አልልህም፤ አንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሴት በርበሬ ተራ ኮረሪማ እየሸጡ ነው። ሌላ ቀን ና ብለውኛል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ እሄዳለሁ፣ ዛሬ አትቆይ ካሉኝ ደግሞ ሌላ ቅዳሜ።